ኮንትራክተሩ ሄንሪ ካይዘርና ለሠራተኞቹ ያቆመው ሐኪም ቤት

ጂፕ መኪናን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይከብዳል። ዳገት ቁልቁለቱን፣ ጭቃውንና ኮረኮንቹን ሲያቆራርጥ የኖረ መኪና በመሆኑ ስሙ ከአማርኛ ቃላት እንደ አንዱ ተቆጥሯል። ጂፕን ያመርት የነበረውን ፋብሪካ በ1953 የገዛው ሄንሪ ካይዘር ግን እኛ ዘንድ ብዙም አይነሳም። (የአገራችንን ጉዳይ ስናነሳ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ግድብ የገደበ፣ መርከብ እንደ ዳቦ እየጋገረ ያወጣ፣ ብረትና ሲሚንቶ ያመረተ ሰው ነበር። ካቋቋማቸው ድርጅቶች አብዛኞቹ ወይ ተሸጠዋል ወይ ከስረዋል። ዛሬ ስሙን በሰፊው የሚያስጠራው የሕክምና ድርጅት ነው። አንድ መንገድ ሠሪ ሐኪም ቤት ውስጥ ምን ዶለው? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ካይዘር የተወለደው በ1882 በኒውዮርክ ግዛት ስፕራውት ብሩክ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ወላጆቹ ከጀርመን የፈለሱ ሲሆኑ አባቱ ጫማ ሠሪ ነበሩ። ቤቱ ሀብታም ስላልነበረ ገና በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ተቀጠረ። 16 ዓመት ሲሞላው እናቱ ሞቱ። እናቴ የሞተችው በቂ ሕክምና ስላላገኘች ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖሯል። ታሪኩን በኋላ ላይ አሳምሮታል የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ አንድ ሚሊየነር ደጋግሞ የሚያወራው ስለ መጀመሪያ ትርፉ ሳይሆን ስለ እናቱ አሟሟት ከሆነ፣ ነገሩ ውስጡ ገብቶ ነበር ማለት ነው ብዬ አምናለሁ።

የወጣትነቱን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። ፎቶ ቤት ገብቶ ያለ ደሞዝ ልሥራና ገቢውን ካሳደግኩት ሸሪክ አድርገኝ ብሎ ባለቤቱን አስማማ፤ አሳደገውም። በ1906 ወደ ምዕራብ አሜሪካ ሄዶ ስፖኬን ከተማ የብረታ ብረትና የግንባታ ዕቃ ሻጭ ሆነ፤ በ1907 አገባ፤ በ1914 የራሱን የመንገድ ሥራ ድርጅት ከፈተ። በ1927 ኩባ ውስጥ ትልቅ የመንገድ ሥራ አገኘ። በ1931 ደግሞ ከሌሎች ተቋራጮች ጋር ተባብሮ ታላቁን የሁቨር ግድብ ሥራ ያዘ። ያኔ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚያሠራ ቀጣሪ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ሌላ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሱ የካይዘር ታሪክ ጎዶሎ ነው። ሲድኒ ጋርፊልድ ገና ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1933 ከኮሎራዶ ወንዝ ወደ ሎስ አንጀለስ ውኃ የሚወስድ ቦይ በሚቆፈርበት የካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ 12 አልጋ ያላት ሐኪም ቤት ከፈተ። በአካባቢው 5 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበር፤ ሌላ ሐኪም ግን በቅርብ አልነበረም። ታዲያ ሕመምተኛ ሞልቶ ሳለ ጋርፊልድ ሊከስር ደረሰ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ሒሳቡን ያዘገዩበታል፣ ይቆርጡበታል፤ ከባድ ጉዳት የደረሰበትን ደግሞ ሎስ አንጀለስ ይወስዱበታል። ገንዘብ የሌለውን በሽተኛ ግን መመለስ አልሆነለትም።

መላው የመጣው ሃሮልድ ሃች ከሚባል የኢንሹራንስ ሰው ነው። ይህ ሰው የሚሠራው ካይዘርና ሸሪኮቹ ድርሻ ባላቸው ኩባንያ ውስጥ ነበር። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሰው በታመመ ቁጥር ሒሳብ ከማስላት ይልቅ ኩባንያው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን 5 ሳንቲም ለሐኪሙ አስቀድሞ ይክፈል፤ ለዚህም ሐኪሙ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ኃላፊነት ይውሰድ። ከሥራ ውጪ ለሚመጣ ሕመም ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ፈቅዶ በቀን ሌላ 5 ሳንቲም ያዋጣ። እንግዲህ አስሉት፤ 5 ሺህ ሰው በ5 ሳንቲም በቀን 250 ዶላር ነው። ያቺ ልትዘጋ የነበረች ሐኪም ቤት በእግሯ ቆመች።

እኔን የገረመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ የሐኪሙ ጠባይ መለወጡ ነው። ድሮ ሚስማር የወጋው ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ለጋርፊልድ ገቢ ነበር። ገንዘቡ አስቀድሞ ከተከፈለ በኋላ ግን ያው ሚስማር ወጪ ሆነበት። ስለዚህ ሐኪሙ ክሊኒኩን ትቶ ወደ ሥራ ቦታው ወረደ፤ ያፈጠጡ ሚስማሮች እንዲመቱ፣ የዋሻው ጣሪያ እንዲደገፍ ይወተውት ጀመር። ሰው አለመታመሙ የሐኪሙ ትርፍ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ሚስማር ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው የእኛ ሰፈር ነው። ከመስቀል ፍላወር ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሕንጻ ሲሠራ ማየት የዘወትር ነገር ነው። የቀን ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ነጠላ ጫማ አድርጎ ከፎርም ወርክ በተነቀለ ሳንቃ መካከል ይመላለሳል፤ ሚስማሩ ወደ ላይ አፍጥጦ። ሲወጋው ፎርማኑ ደግ ከሆነ የመድኃኒት መግዣ ይሰጠዋል፤ ካልሆነ ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይቀጥላል፤ የቀን ሒሳቡ እንዳይቀርበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ስሙ በየትኛውም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የቀን ሠራተኛ ግን ይህንን ማን ፊት ቆሞ ይጠይቃል?

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1938 የካይዘር ኩባንያ በዋሽንግተን ግዛት የግራንድ ኩሊ ግድብን ሥራ ሲረከብ የሄንሪ ልጅ ኤድጋር ካይዘር ጋርፊልድን አስጠራው። ሠራተኞቹ በቀድሞው ሕክምና ተማርረው ስለነበር የሠራተኛ ማኅበሮቹ ነገሩን በጥርጣሬ ነው ያዩት። ጋርፊልድ ያረጀውን ሆስፒታል አደሰ፤ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሐኪሞች በደሞዝ ቀጥሮ ባንድ ጣሪያ ሥር አሠራ። ጥቂት እንደቆየ የሠራተኞቹ ሚስቶች እኛና ልጆቻችንስ ብለው ተነሱ። እውነት አላቸው፤ የአባወራ ሐሳብ የሚበተነው የታመመ ልጅ ቤት ትቶ ሲወጣ ነው። ቤተሰብም በትንሽ ሳምንታዊ መዋጮ ገባ። ሰዎች ገና ሳይብስባቸው መምጣት ጀመሩ፤ ትርፍ አንጀት ሳይፈነዳ፣ የሳንባ ምች ሳይከፋ ይደረስበት ጀመር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ መርከብ ሥራ ምንም የማያውቀው ካይዘር በካሊፎርኒያ ሪችመንድና በሌሎችም ቦታዎች የመርከብ ፋብሪካዎች ከፈተ። በኅዳር 1942 ሮበርት ፒሪ የተባለችውን የጭነት መርከብ ሠራተኞቹ በ4 ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ውስጥ ገጣጥመው ባሕር ላይ አዋሏት፤ ዓለም ጉድ አለ። በሪችመንድ ብቻ የሠራተኛው ቁጥር እስከ 90 ሺህ ደረሰ። ጤነኛው ጎልማሳ ወደ ጦር ግንባር ስለሄደ ፋብሪካው የቀሩለት ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ለውትድርና በጤና ያላለፉ ሰዎችና ከደቡብ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ብዙዎቹ ሕመማቸውን ይዘው ነው የመጡት። ካይዘር ለሠራዊቱ ሐኪም ሆኖ ሊሄድ የነበረውን ጋርፊልድን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ለምኖ አስቀረው።

አሠራሩ ሦስት ደረጃ ነበረው። ፋብሪካው ውስጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ ጣቢያ፣ አጠገቡ መለስተኛ ሆስፒታል፣ ኦክላንድ ከተማ ደግሞ በ1942 የተከፈተው ትልቁ ሆስፒታል። የሠራተኛው መዋጮ በሳምንት 50 ሳንቲም ነበር። ነጭና ጥቁር በየፊናው በሚታከምበት በዚያ ዘመን ሕመምተኞቹ ባንድ ክፍል ይተኙ ነበር። ፐርማኔንቴ የሚለው ስም የመጣው በካይዘር ሲሚንቶ ፋብሪካ አጠገብ ከሚፈስ ጅረት ነው፤ ሚስቱ ቤስ ስሙን ትወደው ነበር ይባላል።

ይህን ሁሉ ሳወራ ቀጣሪ ሁሉ ደግ አባት ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። እኛም አገር ሠራተኛውን በራሱ ሆስፒታል የሚያሳክም ድርጅት ሞልቷል፤ የጦር ኃይሎችና የፖሊስ ሆስፒታሎች አሉ፣ ወንጂ ስኳር አለ። ወንጂን የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ በ1954 ሥራ ሲያስጀምር መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አብሮ ሠርቷል። ዳሩ ግን ለሠራተኛው መንደር የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የልጆች ጥርስ በለዘ፤ ውኃውን ለብዙ ዓመታት የጠጡ አንዳንድ ሠራተኞች ደግሞ አከርካሪያቸው ደርቆ ጎበጡ፤ በነርቭ ጉዳት አካል ጉዳተኛ የሆኑም ነበሩ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች ይህን በጥናት አሳይተዋል። በኋላ ፍሎራይድ የሚቀንሱ ማጣሪያዎች በሥራ ላይ ውለዋል። ሐኪም ቤቱም የኩባንያው፣ ውኃውም የኩባንያው ነበር። ጋርፊልድ ሚስማር ፍለጋ ሳይት ለሳይት የዞረው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ በካይዘር ፋብሪካዎች የነበረው ሠራተኛ በጥቂት ወራት ተበተነ። ሆስፒታሉ፣ ሐኪሙና ዕቃው ቀረ፤ ከፋዩ ግን የለም። ከቀጣሪ ጋር የታሰረ ሕክምና ጣጣው ይኸ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ካይዘርና ጋርፊልድ በሩን ለማንኛውም ሰው ከፈቱት። በ1950 የወደብ ሠራተኞች ማኅበር አባላቱን ይዞ ሲገባ ነፍስ ዘራ።

ተቃውሞው ከሌላ ሳይሆን ከሐኪሞች ነው የመጣው። የሐኪሞች ማኅበራት አሠራሩን ሶሻሊዝም ነው ብለው አወገዙት፤ የፐርማኔንቴ ሐኪሞችን በአባልነት አንቀበልም አሉ። ጋርፊልድም የሥራ ፈቃዱ ላይ ያነጣጠረ ክስ ቀረበበት። ከውጪው ይልቅ ግን የውስጡ ጠብ ሊያፈርሰው ተቃርቦ ነበር። ካይዘር ግድብ ሲያዝ እንደኖረ ሐኪሞቹንም ማዘዝ አማረው፤ እነሱ ደግሞ በሙያችን ማንም አይገባብንም አሉ። በ1951 ቤስ ስትሞት ወር ሳይሞላ ያገባት ነርስ የጋርፊልድ ሚስት እህት ነበረች፤ እና ጠቡ የዘመድም ጠብ ሆነ። በ1955 ታሆ ሐይቅ ዳር ባለው የካይዘር መኖሪያ ተሰብስበው ነገሩን ፈቱት፤ ሆስፒታሉና የመድን ድርጅቱ ትርፍ የማያሳድድ ሆኖ ይቀጥላል፣ ሐኪሞቹ ደግሞ በራሳቸው ማኅበር ተደራጅተው በውል ይሠራሉ ተባለ። በእኔ ግምት ካይዘር በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ ከባዱ ይህ መሸነፍ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸውን የሚያሳክሙት ከግል ክሊኒክ ጋር ውል ገብተው ነው። ሠራተኛው ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፣ ክሊኒኩ ሒሳቡን ይልካል። ይህ ካይዘር ከመምጣቱ በፊት ጋርፊልድ የነበረበት ዓለም ነው፤ ምርመራ በበዛ ቁጥር ሒሳቡ ይበዛል፣ ማንም ሚስማር አይነቅልም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 መንገዱን ለመቀየር የታሰበ ነበር። በደንቡ መሠረት ሠራተኛው ከደሞዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ ያዋጣሉ፤ 10 ሺህ ብር ለሚያገኝ ሰው 300 ከእሱ፣ 300 ከቀጣሪው መሆኑ ነው። አዋጁ ግን የሚጀመርበት ቀን እየተገፋ ለብዙ ዓመታት ወረቀት ላይ ቆየ። ደሞዛችን ይቀነሳል፣ ሆስፒታሎቹ ራሳቸው መድኃኒት የላቸውም የሚል ቅሬታ ነበር፤ ቅሬታውም መሠረት የለውም አይባልም። የሚገርመው፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ገበሬውን የመድን ደብተር ባለቤት ሲያደርገው፣ ከተሜው ደሞዝተኛ እጁን አጣጥፎ መቅረቱ ነው።

አስቀድሞ መክፈልም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው። መጣህም ቀረህም ገንዘቡን የያዘ ሐኪም ሊያጣድፍህ፣ የሚያስፈልግህን ምርመራ ሊነፍግህ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ አሠራሩን ለትርፍ የቀዱት ኩባንያዎች በዚህ ብዙ ተወቅሰዋል። ስለዚህም ነው የታሆው ስምምነት፣ ማለትም ሒሳብ ያዡ ሐኪሙን እንዳያዝ መደረጉ፣ ከ5 ሳንቲሙ እኩል መነገር ያለበት።

ካይዘር በ1954 ወደ ሃዋይ ሄዶ ሆቴል ሲገነባ ቆየ፤ በ1958 እዚያም የሕክምናውን ፕሮግራም ተከለ። የመኪናው ንግድ ብዙ ገንዘብ በልቶበት ነበር። በነሐሴ 1967 በ85 ዓመቱ ሆኖሉሉ ውስጥ አረፈ። ጋርፊልድ ከእሱ በኋላ 17 ዓመት ኖሮ በ1984 ሞተ። ከዚያች የ12 አልጋ ሐኪም ቤት የተነሳው ካይዘር ፐርማኔንቴ ዛሬ ከ12 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት፤ አብዛኞቹም የሚገቡት በቀጣሪያቸው በኩል ነው።