የጨርጨሩ ሐኪም፤ ወርቅነህ እሸቴና የከፍተኛ ሥልጠና ዕዳ

በሥነ ልቦና ሕክምና ለዶክትሬት ሥልጠና የሚያመለክት ባለሙያ የትምህርት ማስረጃውን፣ የመምህራኑን የድጋፍ ደብዳቤና የጥናት ዕቅዱን አዘጋጅቶ ያቀርባል። ከነዚህ ሁሉ ወረቀቶች በስተኋላ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሥልጠናው የሚፈለገው ለማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው የጨርጨርን አውራጃ ያስተዳደሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ የያዘ ስለሆነ፣ ለማኅበራችን አባላት በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ ገና ሕፃን ሳሉ ከወገናቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ። ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ እርሱ ከሞተ በኋላም ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸው የመጣው ከዚሁ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 ተመረቁ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመባል የበቁትም በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ አልረኩም። ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ እንደገና ተማሪ ሆነው ወደ ስኮትላንድ ተሻገሩ፤ እዚያም የሐኪምነት ፈቃድ አግኝተው ተመለሱና በበርማ ተመደቡ። ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያስገባው በር የተከፈተላቸው በሌሎች ቸርነትና ገንዘብ መሆኑን የሚዘነጉ ሰው አልነበሩም።

በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ በርማ ድረስ ሲሰማ፣ የትውልድ አገራቸው ናፍቆት ተቀሰቀሰባቸው። በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሴት አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። ከላሆርና ከስኮትላንድ ያመጡት ምስክር ወረቀት ሐኪምነታቸውን ሲመሰክር፣ የማን ልጅ መሆናቸውን ግን ያረጋገጠላቸው ጠባሳው ነበር። አማርኛን ፈጽሞ ረስተውት ስለነበር ከዘመዶቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። የሕመምተኛን ቃል በቀጥታ ለማይሰማ ሐኪም ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሙያችን ሰዎች አያጡትም። ወርቅነህ በጎልማሳነታቸው ቋንቋውን እንደ አዲስ ተማሩት፤ ኋላም በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ለመጻፍ በቁ።

ከበርማ አገልግሎት ከተሰናበቱ በኋላ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በኃላፊነት መሩ። በ1923 ዓ.ም. አካባቢ ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ከእርሳቸው አስቀድሞ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አስተዳደር የተመሠረተችው አሰበ ተፈሪ የአውራጃው መቀመጫ ነበረች። ጨርጨር በቡና የታወቀ፣ በሚኤሶ በኩልም ከምድር ባቡሩ ጋር የሚገናኝ አገር በመሆኑ፣ ለሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች አርአያ እንዲሆን ተመረጠ። ሐኪሙ ገዥ የተማሩ ወጣቶችን በዙሪያቸው ሰበሰቡ፤ ሠራተኛው ከገበሬው ላይ በመቀበል ፈንታ በቁርጥ ደመወዝ እንዲተዳደር፣ በገበሬው ላይ የተደራረበው ልዩ ልዩ ግዴታም እንዲቀልለት፣ መንገድም እንዲሠራ ደከሙ። የሐኪም ዓይን የሕመሙን ምልክት ብቻ ሳይሆን መነሻውን ይፈልጋልና፣ አስተዳደራቸው ከሙያቸው የራቀ አልነበረም።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። የኢጣሊያ ወረራ በደረሰ ጊዜ የአገራቸውን ጉዳይ ለዓለም ሲያስረዱና ርዳታ ሲያሰባስቡ ቆዩ። በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት ያስተማሯቸው ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። አባትየው በባዕድ አገር ሳሉ፣ ያስተማሯቸውና ለወገን ያዘጋጇቸው ልጆች በአንድ ጊዜ ታጡ። ከነፃነት በኋላ ወርቅነህ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዛሬም ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከሂርና ወይም ከጭሮ ተነሥቶ ለከፍተኛ ሥልጠና የሚያመለክት ሰው፣ ማስረጃውን ሲያሰናዳ ይህን ሕይወት ቢያስታውስ ይጠቀማል። ወረቀቱ በሩን ያስከፍታል፤ ከተመረቀ በኋላ ግን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ወይም በሱማልኛ ጭንቀቱን የሚነግረው ሰው የሚመዝነው በማስረጃው አይደለም፤ ቃሉን በመስማቱና ችግሩን በማወቁ ነው። ከፍተኛ ሥልጠና ለባለቤቱ ክብር ከመሆኑ አስቀድሞ ዕዳ ነው። ወርቅነህ እሸቴ በሌሎች ገንዘብ የተማሩትን ዕዳ በአዲስ አበባ በትምህርት ቤት፣ በአሰበ ተፈሪ በአስተዳደር፣ በመጨረሻም ከሁሉ በሚከብደው በልጆቻቸው ከፍለውታል።