ኦም፣ የሚዋዥቀው ባትሪና የዲምቱ ምጣድ

ጆርጅ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1789 በጀርመኗ ኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ሰው በመሆናቸው ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ሒሳብና ፊዚክስ ያስጠኑት እሳቸው ናቸው። ታናሹ ማርቲን የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ወጣው። ጆርጅ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዳንሱን፣ ቢሊያርዱንና የበረዶ ላይ ሸርተቴውን ቢያበዛ አባትየው ተቆጡና ከሦስት ሴሚስተር በኋላ አስወጡት። ስዊዘርላንድ ሄዶ ሒሳብ ሲያስተምር ቆየና እ.ኤ.አ. በ1811 ተመልሶ ዶክትሬቱን ያዘ። (ቢሊያርድ ቤት የሚውሉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ተስፋ አትቁረጡ።)

ዋናው ሥራው የተሠራው በኮሎኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳለ ነው። ርዝመታቸው የተለያየ የመዳብ ሽቦዎችን እያቀያየረ፣ የተንጠለጠለች ማግኔት መርፌ ምን ያህል እንደምትዞር ይለካ ነበር። የዘመኑ ባትሪ ግን ሙከራው ሳያልቅ ኃይሉ እየወረደ አስቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1825 ያሳተመው ቀመርም በዚሁ ምክንያት ስህተት ሆነ። የሳይንስ መጽሔት አዘጋጁ ፖገንዶርፍ መከሩትና ባትሪውን ትቶ ቢስሙዝና መዳብ አጋጠመ፤ አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ያዘው። አሁን ቮልቱ ቀጥ አለ። ውጤቱም ታየ፦ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ከረንቱም እጥፍ ይሆናል፤ ሽቦው ሲረዝም ወይም ሲቀጥን ከረንቱ ያንሳል። ቮልቱን ለአምፔሩ ስናካፍል የምናገኘው የሽቦው እምቢታ፣ ሬዚስታንስ ነው።

የቮልት መዋዠቅ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ተወልጄ ባደግሁባት በወላይታዋ ዲምቱ ኤሌክትሪክ መማሬን የሚያውቁ ዘመዶቼ የሚጠይቁኝ ሁሌም ያንኑ ነው፤ አምፖሉ በርቶ ሳለ ምጣዱ ላይ እንጀራው ስለምን ዐይን አያወጣም? መልሱ ያለው ኦም ዘንድ ነው። በ220 ቮልት 15 አምፔር የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ 14.7 ኦም ገደማ ነው። ፓወሩ ደግሞ ቮልት ሲባዛ በአምፔር፣ 3,300 ዋት ይሆናል። ቤቱ ከትራንስፎርመር ርቆ፣ መስመሩ ቀጥኖ፣ ጎረቤትም ምጣዱን ጥዶ ቮልቱ ወደ 176 ወረደ እንበል። ምጣዱ ያው ነው፤ ከረንቱ ግን ወደ 12 አምፔር ይወርዳል። ፓወሩ 2,112 ዋት ብቻ ሆነ። ከቮልቱ የጎደለው አንድ አምስተኛ ነው፤ ከሙቀቱ የጎደለው ግን ከሲሶ ይበልጣል። የዛሬዎቹ ኤልኢዲ አምፖሎች ቮልቱ ወረድ ቢልም ስለሚበሩ ጉድለቱን ይደብቁታል። ምጣድ መደበቅ አያውቅም።

ኦም ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ አወጣው። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ያስገኝልኛል ብሎ ነበር። ፊዚክስን በሒሳብ ማስረዳት ብዙም ባልተለመደበት አገር ግን መጽሐፉ ፊት ተነሳ። ኦም አዝኖ ሥራውን ለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1833 ኑርንበርግ ቦታ እስኪያገኝ በርሊን ውስጥ በትንንሽ የማስተማር ሥራ ኖረ። የሚገርመኝ፣ ያከበሩት ከአገሩ ሰዎች ይልቅ እንግሊዞች መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። የሽቦ ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ እንግሊዛዊው ጁል ያሳተመውም በዚያው ዓመት ነበር።

በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የተመኘውን የፊዚክስ ወንበር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው፤ በ63 ዓመቱ። ሁለት ዓመት ተቀመጠበትና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1854 አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የሬዚስታንስ መለኪያውን በስሙ ሲሰይሙት ከሞተ 27 ዓመት ሆኖት ነበር።