ጆርጅ ፖሊያ፦ የተፈታን ጥያቄ መልሶ ማየት

ጆርጅ ፖሊያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በቡዳፔስት ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ሕግ ሊማሩ ነበር፤ ስለ ሰለቻቸው ግን ወደ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ቀጥሎም ወደ ፍልስፍና አለፉ። ሒሳብን ያገኙት በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ከ1914 ጀምሮ በዙሪክ አስተማሩ፤ በ1940 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከ1942 ወዲህ የስታንፎርድ መምህር ሆኑ።

በተማሪነታቸው አንድ ነገር ያስጨንቃቸው ነበር። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ማረጋገጫ ትክክል መሆኑን ያያሉ፤ ሰው እንዴት ወደዚያ ሐሳብ እንደሚደርስ ግን የሚነግራቸው አልነበረም። በ1945 ያሳተሙት የጥያቄ አፈታት መጽሐፍ የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። ጥያቄውን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ በመጨረሻም ሥራውን መልሶ ማየት ይገባል ይላል። ተማሪ የሚዘለው አራተኛውን ነው፤ መልሱን ባገኘ ጊዜ ደብተሩን ይዘጋልና። (መሐንዲሶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም።) ፖሊያ ግን የአንድን ሣጥን ማዕዘን ከተቃራኒው ማዕዘን የሚያገናኘውን መስመር ርዝመት ካስገኙ በኋላ ተማሪውን ይይዙታል፦ የሣጥኑ ቁመት ዜሮ ቢሆን ቀመሩ ምን ይሆናል? የተሰጠው ልክ ሁሉ ገብቷልን? በዚሁ ዘዴ ሌላ ምን ይፈታል? ተማሪው የራሱን አስተሳሰብ የሚመረምረው ያን ጊዜ ነው።

በ1953 ጡረታ ከወጡ በኋላም መምህራንን ማሠልጠን አልተዉም። በ1985 በ97 ዓመታቸው አረፉ።