ያሬድ ትሏን ያያት ቁጭ ስላለ ነው

የያሬድንና የትሏን ታሪክ የማያውቅ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ትምህርት ቤት እያለን እንዳንሰለች ብለው ነግረውናል፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ቤተሰብ ይደግመዋል። መልእክቱም ሁሌ አንድ ነው። ትሏ ወደቀች፣ ደግማ ሞከረች፣ በመጨረሻ ወጣች፤ አንተም ጠንክር።

እኔም እንደዛ ነበር የማውቀው። በቀደም ማታ ግን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ታክሲው ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ ከጎኔ የነበረች ልጅ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ከፈረቃ መውጣቷ እንደሆነ ያስታውቃል። በየኩርባው ግንባሯ ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል፣ እሷ ግን አትነቃም። ያሬድ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ታሪኩ ውስጥ ሁላችንም ዘለን የምናልፈው ነገር አለ። ያሬድ ትሏን ያያት ቁጭ ስላለ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንየው።

ቅዱስ ያሬድ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. አክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። እናቱም ዘመዷ ለሆኑት መምህር ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ መዝሙረ ዳዊት ነበር። አልገባው አለ። ጊዜ እየሄደ መጣ፣ አሁንም አልገባውም። እኩዮቹ ጥለውት አለፉ፣ ሳቁበትም። መምህሩም የዘመኑን መድኃኒት ሞከሩ፤ ገረፉት።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ያሬድ የጎደለው ጫና አልነበረም። መጽሐፉ ላይ አፍጥጦ እየዋለ፣ ባልያዘው ቁጥር እየተገረፈ ነው የኖረው። ነገሩ በጫና የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በተፈታ ነበር።

አንድ ቀን ግርፋቱ መረረውና ጥሎ ጠፋ። ወደ መደባይ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ማይ ኪራህ የሚባል ቦታ ሲደርስ ደከመውና ከአንድ ዛፍ ሥር አረፈ። መጽሐፍ የለም፣ መምህር የለም፣ አለንጋ የለም። ዓይኑ ሥራ ፈታ። ያኔ ነው አንዲት ትል በግንዱ ላይ ስትወጣ ያየው። ትወድቃለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ላይ ደረሰች። ያሬድ ወደ መምህሩ ተመለሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ትምህርቱን ቀጠለ። ያን ያህል እምቢ ያለው ነገር በአጭር ጊዜ ገባው። ብሉይና ሐዲስን ተምሮ ዲቁና ተቀበለ።

ትጋት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ትሏ ባትተጋ ኖሮ ታሪኩም አይኖርም። ግን ያሬድ ስለ ትጋት የተማረው እያረፈ ነው። አለንጋው ያላስተማረውን ጥላው አስተማረው።

ከዛ በኋላ የመጣውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ትውፊቱ እንደሚተርከው ሦስት ወፎች ከሰማይ ወርደው አናገሩት፣ የሰማዩን ዝማሬ ሰማ፣ አክሱም ጽዮን ገብቶም ዘመረ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች ከእሱ የመጡ ናቸው ይባላል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት የዜማ መጻሕፍትም የእሱ ድርሰት ተደርገው ይቆጠራሉ። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተዘጋጀ ነው፤ ዛሬም አንድ ተማሪ ጠንቅቆ ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል። አዲስ አበባ ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በስሙ የተጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዝናው ንጉሥ ገብረ መስቀል ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ ቆሞ እየሰማ፣ የያዘውን ጦር ሳያስበው የያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። ሁለቱም ዜማው ውስጥ ስለነበሩ ማንም ልብ አላለም። ዜማው ሲያልቅ ንጉሡ ያደረገውን አይቶ ደነገጠ፤ ካሣ እንዲሆንም የፈለገውን እንዲጠይቅ ለያሬድ ቃል ገባለት።

ሌላ ሰው ቢሆን ርስት ይል ነበር፣ ሹመት ይል ነበር። ያሬድ የጠየቀው እንዲያሰናብተው ብቻ ነው። ንጉሡ ቢያዝንም ቃሉን አልበላም። ያሬድ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፤ እየጸለየና ደቀ መዛሙርት እያስተማረ ቀሪ ዘመኑን እዚያ አሳለፈ። ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 11 ታስበዋለች።

አስተውላችሁ ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው ገለል ያለው። መጀመሪያ ሲያቅተው፣ ሁለተኛ ሲሳካለት። የመጀመሪያው ሽሽት ነበር፣ ሁለተኛው ግን መርጦ ያደረገው ነው።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሄንሪ ፖይንካሬ ሲታገለው የከረመው ጥያቄ መልስ የመጣለት ሥራውን ረስቶ ለጉዞ በወጣበት፣ በፈረስ የሚጎተት አውቶቡስ ላይ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የወጣ ጥናት ደግሞ ሰዎችን አቋራጭ የተደበቀበት የቁጥር ጥያቄ ሰጥቶ በመሃል 20 ደቂቃ አሳረፋቸው። ለአፍታ ሸለብ ካደረጋቸው መካከል 83 በመቶዎቹ አቋራጩን አገኙት፤ ነቅተው ከቆዩት ግን 30 በመቶ ብቻ። ጭልጥ ያለ እንቅልፍ የወሰዳቸው ደግሞ ይህን ጥቅም አላገኙም። ማለትም የተገኘው ከሽለብታ ነው።

የኛ አገር ሰው ይሄን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ደሴ ውስጥ ዙህር ሲደርስ ሱቁን ገርበብ አድርጎ የሚሄደውን ነጋዴ አስቡት። ቀትር ላይ ጋደም ማለት፣ ቀይሉላ የሚሉት፣ በሙስሊም ቤተሰቦቻችን ዘንድ የተወደደ ልማድ ነው። ቡናውስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ማንም አይቸኩልም። ጎረቤት የሚታረቀው፣ ሐሳብ የሚመጣው፣ ምርቃት የሚወርደው እዛ ላይ ነው።

ግን ለሁሉም ሰው ዛፍ የለውም። እኔ ራሴ ኮምቦልቻ አንድ ቦታ፣ ስሙን ልተወውና፣ ስሠራ መቀመጥ ራሱ ጥፋት ነበር። ሥራ ባይኖርም ቁም ነው። ማታ ላይ ሁላችንም እንሳሳታለን፣ ለስህተቱ ደግሞ ከደመወዝ ይቆረጣል። አንድም ቀን የተሻለ አሠራር ያመጣ ሰው አላየሁም፤ ከየት ይመጣል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ ስለ ሰዓት ነው የሚያወራው። ሰው እንዲያስብ የሚፈልግ አለቃ ግን በሰዓቱ ውስጥም ትንሽ ጥላ ይሰጣል።

የኛም ጥፋት አለ። የተሰጠችንን የምሳ ሰዓት ምን እናደርጋታለን? ስልክ እናወጣለን። አንድ ቪዲዮ፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ ሰዓቱ ደረሰ። እጃችን አርፏል፣ ዓይናችንና ጭንቅላታችን ግን ፈረቃ ላይ ናቸው። ያሬድ እዛ ዛፍ ሥር ቲክቶክ እየገፋ ቢሆን ኖሮ ትሏ ሰባት ጊዜ ሳይሆን ሰባ ጊዜ ብትወጣም አያያትም ነበር።

ይሄን እያነበባችሁ ያላችሁት በስልክ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም የጻፍኩት በስልክ ነው። ስለዚህ ተዉት አልልም። ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ደሴ ያላችሁ ጦሳን ቀና ብላችሁ እዩት፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ጥላ ፈልጉ። ምንም ላይመጣላችሁ ይችላል፤ ቢያንስ ማታ ሐረጎ ላይ ግንባራችሁ ከመስታወት ጋር አይጋጭም።