ካርል ስቶትስና የትንንሽ ልጆች ኳስ

በሰሜን አሜሪካ፥ በፔንሲልቬኒያ አገር፥ ሳስኩዌሃና በሚባል ወንዝ ዳር ዊልያምስፖርት የምትባል ከተማ አለች። ቀድሞ በእንጨት ንግድ እጅግ የበለጸገች ነበረች። ካርል ስቶትስ በዚህች ከተማ በ1910 ዓ.ም. ተወለደ፤ በዚህ ታሪክ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ስቶትስ ጦር የመራ ወይም አገር የገዛ ሰው አይደለም፤ ባለጸጋም አልነበረ። ስሙ በዓለም የታወቀው ለትንንሽ ልጆች ጨዋታ በማሰናዳቱ ነው።

ቤዝቦል የሚባለው የኳስ ጨዋታ በዚያ አገር እጅግ የተወደደ ነው። አንዱ ተጫዋች ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በእንጨት ዱላ ይመታዋል፤ የመታውም በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን አራት ማረፊያዎች እየረገጠ ይሮጣል። ዞሮ ወደ ተነሣበት ቢመለስ ለወገኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። ባላጋራዎቹ ግን ኳሱን ፈጥነው ይዘው ከሯጩ በፊት ወደ ማረፊያው ቢያደርሱት የሯጩ ተራ ያበቃል። ለትልልቅ ሰዎች በተሠራው ሜዳ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው 90 ጫማ፥ ማለት 27 ሜትር ያህል ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በዚህ ሜዳ ቢገባ የወረወረው ኳስ በመንገድ ይወድቅበታል፤ ሲሮጥም ማረፊያው እጅግ ይርቅበታል።

ስቶትስ በልጅነቱ ይህን ጨዋታ ይወድ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ልጆች የሚጫወቱት ባረጀና በተጠገነ ኳስ፥ በተሰነጠቀም ዱላ ነበር። ትልልቆቹ ሜዳውን ሲይዙ ትንንሾቹ ከዳር ቆመው ይመለከቱ ነበር። ብዙ ሰው ካደገ በኋላ የልጅነቱን ኀዘን ይረሳል፤ ስቶትስ ግን አልረሳም።

በ1938 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ከሁለት ትንንሽ ዘመዶቹ ጋር በደጅ ኳስ ይወራወር ነበር። ኳሱን ለመያዝ ሲሮጥ የተቈረጠ የአበባ ቍጥቋጦ ጒቶ ቍርጭምጭሚቱን ላጠው። ሕመሙ እስኪበርድ ድረስ ከጎረቤቱ ቤት ደረጃ ላይ ተቀመጠ። በዚያም ተቀምጦ ሳለ የቀድሞ ምኞቱ ትዝ አለው። ልጆቹ ለልካቸው የተሠራ ሜዳ፥ አዲስ ኳስ፥ እንደ ትልልቆቹም ያለ የቡድን ልብስ ቢኖራቸው ምንኛ ደስ ይላቸው ይሆን ብሎ አሰበ፤ ለልጆቹም ነገራቸውና በደስታ ተቀበሉት።

ከዚህም በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ወደ ሜዳ ወሰዳቸው። በማረፊያው ፈንታ ጋዜጣ በምድር ላይ አነጠፈና አንዱን ልጅ እንዲሮጥ፥ ሌላውንም እንዲወረውር አደረገ። ማረፊያው እጅግ ቢቀርብ ሯጩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፤ እጅግ ቢርቅ ደግሞ ሁልጊዜ ይቀደማል። በሁለቱም መንገድ የጨዋታው ደስታ ይጠፋል። ስለዚህ ስቶትስ ጋዜጦቹን ወዲያና ወዲህ እያዛወረ ደጋግሞ ፈተነ፤ በመጨረሻም 60 ጫማ፥ ማለት 18 ሜትር ያህል ሲሆን ኳሱና ሯጩ ተቀራርበው የሚደርሱ ሆነ። ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ምናልባት ክንዳችሁ ደካማ ነው ብሎ ልጆቹን በገሠጻቸው ነበር። እርሱ ግን ጥፋቱን በልጆቹ ላይ ሳይሆን በሜዳው ላይ አገኘው።

ልብስና ኳስ ለመግዛት ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ስቶትስ ወደ ከተማው ነጋዴዎች እየዞረ ለመነ። 56 ጊዜ ያህል እንቢ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ላይካሚንግ የሚባለው የወተት ኩባንያ እሺ አለው። ላንዲ የሚባለው የእንጨት ኩባንያና ጃምቦ ፕሬትዝል የሚባለው ጋጋሪ ተከተሉት። እያንዳንዳቸውም 30 ዶላር ሰጡ። ጆርጅና በርት ቤብል የተባሉ ወንድማማቾች ከእርሱ ጋር ሆነው ሦስቱን ቡድኖች ለመምራት ተስማሙ። ተጫዋቾቹም 30 ልጆች ነበሩ።

የመጀመሪያው ጨዋታ በሰኔ 6 ቀን 1939 ዓ.ም. ተደረገ። የእንጨት ኩባንያው ቡድን የወተት ኩባንያውን 23 ለ8 አሸነፈ። እንዲህ ባለ ብዛት የተሸነፉ ልጆች ምን ያህል እንዳዘኑ መገመት አያስቸግርም። ዳሩ ግን ጨዋታው በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም፤ ሲጋጠሙ ከረሙ፤ በዓመቱ መጨረሻ ዋንኛ አሸናፊ የሆነው ያው በመጀመሪያ የተሸነፈው የወተት ኩባንያው ቡድን ነው።

ይህ ማኅበር ሊትል ሊግ፥ ማለት ትንሹ ሊግ ተባለ። ከጦርነቱ በኋላ በፍጥነት ተስፋፋ። በ1947 ዓ.ም. በዊልያምስፖርት የመጀመሪያው ታላቅ ውድድር ተደረገና የከተማዋ የራሷ ልጆች አሸነፉ። አንድ ታላቅ የጎማ ኩባንያም ማኅበሩን በገንዘብ ይረዳ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በነበሩት 48 የአሜሪካ ክፍለ አገሮች ሁሉ ሊትል ሊግ ነበረ።

ነገር ግን ስቶትስ ማኅበሩ ሲያድግ ደስታው እየቀነሰ ሄደ። ጨዋታው በየሰፈሩ፥ በየሰፈሩ ሰዎች እጅ እንዲቀር ይወድ ነበር። የሁሉ ዓይን ወደ ታላቁ ውድድርና ወደ ጥቂት ምርጥ ልጆች ሲዞር፥ አስተዳዳሪዎቹም ከሩቅ ሆነው ሲያዝዙ አልተስማማም። በዚህ ነገር ሐቁ ሁሉ ከእርሱ ዘንድ ነበረ ለማለት ያስቸግራል፤ በሩቅ አገር ያሉ ብዙ ልጆች ጨዋታውን የሰሙት በታላቁ ውድድር ዝና ነውና። በ1955 ዓ.ም. ክርክሩ ወደ ዳኛ ቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት አለቀ፤ ስቶትስም ራሱ ከመሠረተው ማኅበር ተለየ።

ሌላም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ስቶትስ ስለ ትንንሾቹ ወንዶች ልጆች ሲያዝን፥ የመሠረተው ጨዋታ ለወንዶች ብቻ ነበር። በ1951 ዓ.ም. ማኅበሩ ሴቶች ልጆችን በሕግ ከለከለ። እገዳው የተነሣው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1974 ዓ.ም. ነው።

ስቶትስ ከማኅበሩ ቢለይም ከልጆቹ አልተለየም። በዊልያምስፖርት የነበረው የፊተኛው ሊግ ከእርሱ ጋር ሆኖ፥ ከታላቁ ማኅበር ተለይቶ መጫወቱን ቀጠለ። ካርል ስቶትስ በ1992 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ዐረፈ። የ1947ቱ ውድድር የተደረገበት ሜዳ በስሙ ይጠራል። በሊትል ሊግ ሜዳ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ዛሬም 60 ጫማ ነው።