ሔለን ኬለር፤ የሚረዳ እጅና የሚከለክል እጅ

በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ ሴቶች አንዷ የሆነችው ሔለን ኬለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 1880 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ተስከምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። በአሥራ ዘጠኝ ወሯ ጽኑ ሕመም አደረባትና ከሞት ብትተርፍም ማየትም መስማትም ተሳናት።

ማርች 3 ቀን 1887 ዓ.ም. አን ሱሊቫን የተባለች የሃያ ዓመት መምህርት ወደ ቤታቸው መጣች። አን የምታስተምረው ፊደሉን በጣቶቿ ቅርጽ እያበጀች በልጅቱ መዳፍ ላይ በመጻፍ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ከግቢው የውሃ መሳቢያ አጠገብ ውሃው በአንድ እጇ ላይ ሲፈስ፣ በሌላው መዳፏ ላይ ደግሞ ስሙ ሲጻፍላት፣ ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ለሔለን ተገለጠላት።

ሔለን በ1900 ዓ.ም. ራድክሊፍ ኮሌጅ ገባች። መምህራኑ የሚናገሩትን ሁሉ አን በመዳፏ ላይ ትጽፍላት ነበር። ለኮሌጁ መግቢያ በ1899 ዓ.ም. በተሰጠው ፈተና ግን አን እንድትገኝ አልተፈቀደላትም፤ ጥያቄው በብሬል ተጽፎ ቀረበላትና ሔለን ብቻዋን መልሳ አለፈች። በ1904 ዓ.ም. በማዕረግ ተመረቀች። ደግሞም ሔለን ለሴቶች የመምረጥ መብት በአደባባይ ስትከራከር፣ አን ይህን አሳብ አትደግፍም ነበር። እጁ የአን ቢሆንም አሳቡ የሔለን እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነገር ግን በ1916 ዓ.ም. አን ታማ ሳለች፣ ሔለንን በጸሐፊነት ያገለግል የነበረው ፒተር ፋጋን ሊያገባት ጠየቃት፤ እርስዋም ወደደች። ሁለቱ የጋብቻ ፈቃድ መጠየቃቸውን የቦስተን ጋዜጦች ባወሩ ጊዜ እናቷ ተቆጥታ ሰውየውን አባረረችው፤ ሔለንንም ሞንትጎመሪ ወደሚገኘው ወደ እኅቷ ቤት ይዛት ሄደች። ሔለን ያን ጊዜ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ የኮሌጅ ምሩቅና ስመ ጥር ደራሲ ነበረች። ሞግዚት ይሾምላት ብሎ የፈረደባት ዳኛ አልነበረም፤ ዳሩ ግን የእናት ፍቅርና ሥጋት የዳኛን ሥራ ሠራ። ሔለን ሳታገባ ኖረች፤ በ1929 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥም ያን ፍቅር ሳታነሣው አላለፈችም።

አን በ1936 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ፖሊ ቶምሰን ረዳቷ ሆና፣ ሔለን ብዙ አገሮችን እየዞረች ስለ ዓይነ ስውራን ስትሟገት ቆየች። ጁን 1 ቀን 1968 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመቷ አረፈች።

ሔለን ከሞተች ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጸደቀ። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ እንደ ማንኛውም ሰው በሕግ ፊት የመወሰን ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል፤ መንግሥታትም ለመወሰን የሚያስፈልገውን ርዳታ እንዲያቀርቡለት ያዛል። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ በ2014 ዓ.ም. በሰውየው ፈንታ የሚወስን ሞግዚት ቀርቶ፣ ሰውየው ራሱ እንዲወስን የሚያግዝ ረዳት ይተካ ሲል አብራርቷል። አገራችን ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2010 ዓ.ም. ተቀብላለች።

የሔለን ሕይወት የሁለቱን ልዩነት ያሳያል። አን ነገሩን በመዳፏ ላይ ጽፋ መልሱን ከእርስዋ ትጠብቅ ነበር፤ እናቷ ግን ለልጇ አስባ መልሱን ራሷ ሰጠች። በቤታችን አካል ጉዳተኛ ወንድም ወይም እኅት ያለን ሁሉ፣ እጃችን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ልንመረምር ይገባናል።