ሄንሪ ሞድስሌይና ክብ የሚቆርጡት መሣሪያዎች

ከእንጨት ክብ ቅርጽ ማውጣት ለአናጢ ሁሉ የቆየ ፈተና ነው። ችካል ተክሎ በገመድ ዙሪያውን ማስመር ጎጆ የሠራ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ብልሃት ሲሆን፣ ችግሩ የሚጀምረው የተሰመረውን ተከትሎ መቁረጥ ሲመጣ ነው። መጋዝ ቀጥ ያለ መንገድ ይወዳል፤ መሮ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይስታል፤ በሞረድ የተስተካከለ ጠርዝም ጣት ሲያልፍበት መጎርበጡ አይቀርም። ዛሬ የክብ ጠረጴዛ ገበታ በራውተር የሚያወጣ የእንጨት ሠራተኛ ከዚህ ሁሉ የሚገላገለው ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ በገዛ እጁ በሚሠራት አንዲት ክንድ ነው። የክንዷ አንድ ጫፍ ከራውተሩ ሥር በብሎን ይታሰራል፤ በሌላው ጫፍ የገባው ምስማር በገበታው መካከል ይተከላል፤ ከምስማሩ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት የክቡን ግማሽ ስፋት ይወስናል። የሚፈለገው ተቆርጦ የሚወጣው ክብ ከሆነ ርቀቱ የሚለካው ለምስማሩ ቅርብ እስከሆነው የምላጩ ጠርዝ ነው፤ የሚፈለገው ቀዳዳው ከሆነ ግን እስከ ሩቁ ጠርዝ። ይህ አንድ ጊዜ በትክክል ከተለካ በኋላ ሠራተኛው ማሽኑን ጥቂት ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ታች እያወረደ ዙሪያውን ይገፋል እንጂ ክቡን የምታወጣው ክንዷ ናት።

የዚህች ክንድ የዘር ሐረግ ቢቆጠር ከእንግሊዛዊው መሐንዲስ ከሄንሪ ሞድስሌይ ደጃፍ ያደርሳል። ሞድስሌይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ አላየም። ይሁን እንጂ መቁረጫን ከሰው እጅ ወስዶ ከማይስት መሪ ጋር የማሰርን ሐሳብ ለፋብሪካ ሥራ ካበቁት ሰዎች መካከል ከእርሱ የሚቀድም ማግኘት ያዳግታል።

ሞድስሌይ የተወለደው ኦገስት 22 ቀን 1771 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በለንደን አጠገብ በምትገኘው በዉሊች ነው። አባቱ በጦር ሠራዊት ውስጥ መንኰራኩር ሠሪ ሆኖ ሲያገለግል ቆስሎ፣ በኋላ በዉሊች የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ዕቃ ጠባቂ ሆነ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ በመሞቱ ሞድስሌይ ብዙ ትምህርት ለመቅሰም አልታደለም። በ12 ዓመቱ በዚያው ግምጃ ቤት ባሩድ እየሰፈረ ከሚሞሉት ልጆች ጋር ተቀጠረ። ሁለት ዓመት ያህል እንዳገለገለ ወደ አናጢዎች ክፍል ተዛወረ፤ ልቡ ግን አጠገቡ ባለው የአንጥረኞች ክፍል ነበር። አለቆቹም ይህን አይተው በ15 ዓመቱ ወደ ብረት ሥራው አዛወሩት። በሞረድና በመዶሻ ያለው የእጅ ብልሃት ከአካባቢው አልፎ ዝናው ለንደን ደረሰ።

በዚያ ጊዜ በለንደን ጆሴፍ ብራማ የሚባል የፈጠራ ሰው በ1784 የፈጠራ መብት ያገኘበትን አዲስ ቁልፍ ለገበያ ለማቅረብ ይታገል ነበር። ቁልፉ እጅግ አስተማማኝ ነበር፤ ነገር ግን ክፍሎቹ በጣም ትክክለኛ ሆነው መሠራት ስለነበረባቸው በእጅ ሲሠራ ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ብራማ የ18 ዓመቱን ሞድስሌይን አስጠርቶ ቀጠረው። ወጣቱም ቁልፉን ራሱን ከመሥራት ይልቅ ቁልፉን የሚሠሩትን መሣሪያዎች ወደ መሥራት አዘነበለ። ከዚያ ሱቅ ወጥቶ በመስኮት የተሰቀለውና ለከፈተው 200 ጊኒ ወሮታ የተቆረጠለት ቁልፍ እስከ 1851 ድረስ የደፈረው አልተገኘም። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ የከፈተውም በ16 ቀናት ውስጥ ከ50 ሰዓት በላይ ደክሞ ነበር።

ሞድስሌይ በብራማ ቤት ስምንት ዓመት ያህል ሠርቶ የሱቁ ዋና ኃላፊ ለመሆን በቃ። እዚያው በአገልጋይነት ትሠራ የነበረችውን ሣራ ቲንደልን አግብቶ አራት ወንዶች ልጆች ወለደ። ደመወዙ በሳምንት 30 ሺሊንግ ነበር። ቤተሰቡ እየሰፋ ሲሄድ ጭማሪ ጠየቀ፤ ብራማም በደረቁ እምቢ አለው። ብራማ ያተረፈው ጥቂት ሺሊንግ ነው፤ ያጣው ግን በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረውን ሠራተኛ ነው። በ1797 ሞድስሌይ ከኦክስፎርድ ጎዳና ወረድ ብሎ በዌልስ ጎዳና የራሱን ትንሽ ሱቅ ከፈተ።

በእነዚህ ዓመታት የሠራው ቶርኖ ስሙን አስጠርቶታል። ከዚያ በፊት አብዛኛው ብረት ጠራቢ መቁረጫውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በሚሽከረከረው ብረት ላይ በትከሻው እየተጫነ ይሠራ ነበር። ክንዱ ሲደክም ሥራው ይበላሻል። ሞድስሌይ መቁረጫውን በተንሸራታች መያዣ ላይ አጥብቆ አሰረው፤ መያዣውም በረጅም ብሎን እየተገፋ ቀጥ ባለ የብረት ሐዲድ ላይ እንዲሄድ አደረገ፤ ብሎኑን ከሥራው ጋር በተለዋዋጭ ጥርስ ጎማዎች አያያዘው። የተንሸራታቹ መያዣ ሐሳብ የእርሱ ብቻ ነው የሚሉ መጻሕፍት አሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። በፈረንሳይም በእንግሊዝም ከእርሱ በፊት የሞከሩት ነበሩ፤ ጄሲ ራምስደንም በ1770ዎቹ ለሥነ ፈለክ መሣሪያ ሥራ የብሎን መቁረጫ ቶርኖ ሠርቷል። የሞድስሌይ ድርሻ እነዚህን አካላት በአንድ ጠንካራ የብረት ማሽን አዋህዶ፣ በየቀኑ ለሚሠራበት ሱቅ የሚበቃ ማድረጉ ነው። ለመሐንዲስ ይህ ከመጀመሪያው ሐሳብ የሚያንስ አይደለም።

የዚህ ቶርኖ ውጤት የሆኑ ብሎኖች በሱቁ መስኮት ለእይታ ቀርበው ነበር። እነርሱን አይቶ የተደነቀ አንድ ፈረንሳዊ ለአገሩ ልጅ ለማርክ ኢሳምባርድ ብሩኔል ወሬውን አደረሰ። ብሩኔል ከፈረንሳይ አብዮት ሸሽቶ በአሜሪካ ቆይቶ በ1799 እንግሊዝ የገባ መሐንዲስ ነበር። የያዘውን ሥዕል ለሞድስሌይ ሲያሳየው ለምን እንደሚያገለግል አልነገረውም፤ ሞድስሌይ ግን ከጥቂት ሥዕሎች በኋላ የመርከብ መዘውር መሥሪያ መሆኑን ራሱ እንደደረሰበት ይነገራል።

መዘውር ሲባል የመርከብ ሸራ የሚሳብበት ገመድ የሚያልፍበት የእንጨት ዕቃ ነው። ውጪው ከዝግባ መሰል እንጨት ሳይሆን የማይሰነጠቅ ከሆነው ኤልም ከተባለ ዛፍ ይሠራል፤ በውስጡ የምትሽከረከረው ክብ ጎማ ግን ሊግነም ቪቴ ከተባለ፣ ውሃ ላይ ከማይንሳፈፍ ከባድ እንጨት ትወጣለች። አንዲት ትልቅ የጦር መርከብ ወደ 1,000 የሚጠጉ መዘውሮች ያስፈልጓታል። ባሕር ኃይሉ በዓመት የሚፈልገው 100,000 ያህል ሲሆን፣ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው በእጅ ሥራ ይጠናቀቁ ነበር። ክብነቷን ያጣች ጎማ ገመድ ትበላለች፤ በማዕበል ላይ ከያዘች ደግሞ መርከበኛው ሸራውን ማውረድ ይሳነዋል። የባሕር ኃይሉ የግንባታ ሥራዎች ዋና ተቆጣጣሪ የነበረው ሳሙኤል ቤንታም የብሩኔልን ሐሳብ ደግፎ በፖርትስመዝ የመርከብ ጣቢያ እንዲተከል አደረገ። ከ1802 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሞድስሌይ ከ40 በላይ ማሽኖች ከብረት ሠርቶ አስረከበ።

የጎማዋ አሠራር በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው። የሊግነም ቪቴ ግንድ በክብ መጋዝ እንደ ዳቦ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ አፏ ላይ ጥርስ እንደወጣላት ጣሳ ከሆነች ባዶ መጋዝ ፊት ይያዛል። በዚህች መጋዝ መካከል መሰርሰሪያ አለ። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ስለሚሽከረከሩ ዙሪያው ሲቆረጥ መካከሉም አብሮ ይበሳል፤ ስለዚህ ቀዳዳውና ጠርዙ ማዕከላቸው አንድ ከመሆን በቀር ምርጫ የላቸውም። በራውተር ክንድ ላይ ያለችው ምስማር የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ማሽን ከሁሉ ይበልጥ ራውተርን ይመስላል። በጎማዋ መካከል የነሐስ ቡሽንግ ይገባል። ቡሽንጉ ሙሉ ክብ ቢሆን እንጨቱ ውስጥ ብቻውን ሊዞር ስለሚችል፣ ሦስት ግማሽ ክብ ጆሮዎች እንዲኖሩት ተደርጓል። ለእነዚህ ጆሮዎች የሚሆነውን ጉድጓድ በጎማዋ ፊት ላይ የሚቦረቡረው በፍጥነት የሚሽከረከር ትንሽ ምላጭ ሲሆን፣ ከተወሰነለት ቅስት እንዳይወጣ በመሪ ታስሯል። በእጅ ቢሠራ ለአንዲቱ ጎማ ብቻ የአንድ ጎበዝ ጠራቢ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው። በመጨረሻም የጎማዋ ፊትና ገመድ የሚያርፍበት ቦይ በቶርኖ ይጠረባሉ።

በውጪው አካል ላይ ደግሞ ሌላ ትልቅ ብልሃት ይታያል። እንጨቱ መጀመሪያ ሲበሳ የያዘው ማስያዣ ትንንሽ ምልክቶች ይተውበታል። ቀጥሎ በሚገባባቸው ማሽኖች ሁሉ የሚያዘው በእነዚያው ምልክቶች ነው፤ ስለዚህ በየደረጃው እንደገና መለካት የለም። ቅርጽ በሚወጣበት ማሽን ላይ አሥር መዘውሮች በአንድ ትልቅ መንኰራኩር ዙሪያ በአንድ ጊዜ ይታሰሩና፣ መቁረጫው የፎርማን ጠርዝ ተከትሎ ሁሉንም እኩል ያስተካክላቸዋል። አንድ የሥራ መነሻ መርጦ እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት ዛሬ በየማሽን ሱቁ የተለመደ ሕግ ነው።

የዚህ ክብር የማን ነው በሚለው ላይ ብዙ ተጽፏል። ሥዕሉ የብሩኔል፣ ጥሪው የቤንታም ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለ መስመር ብረት ሆኖ በየቀኑ ሳይንገጫገጭ እንዲሠራ ያደረገው ሞድስሌይ ስለሆነ፣ ከሦስቱ የእርሱን ድርሻ ማሳነስ አይገባም።

ውጤቱ የሚያስደንቅም የሚያሳስብም ነው። 110 ባለሙያዎች ይሠሩት የነበረውን አሥር ሰዎች ልዩ ሙያ ሳይኖራቸው ይሠሩት ጀመር። በ1808 ፋብሪካው 130,000 መዘውሮች አወጣ። አድሚራል ኔልሰን ወደ ትራፋልጋር ጦርነት ከመሳፈሩ በፊት በሴፕቴምበር 14 ቀን 1805 ጠዋት ፋብሪካውን ጎብኝቷል። ቀደም ሲል መዘውር ያቀርቡ የነበሩ አምራቾች ውል ግን አልታደሰም። ለብዙ ዓመታት ዓይኑንና መዳፉን አሠልጥኖ በመሮ ክብ ማውጣት የቻለ ሰው፣ ማንሻ መጎተት ብቻ የሚጠበቅበት አዲስ ገቢ በአንድ ሳምንት ሲተካው ማየት ቀላል አይሆንም። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ ከብዙዎች እጅ ወጥቶ ማስያዣውንና ፎርማውን ወደሚሠሩት ጥቂቶች እጅ ገባ። ክፍያውም አብሮ ሄደ። ስለ ፖርትስመዝ የሚጽፉ መሐንዲሶች 110 እና 10 የሚሉትን ቁጥሮች እንደ ድል ብቻ ማንበብ ያዘወትራሉ፤ ቁጥሮቹ ግን የሂሳቡን ሁለቱንም ወገን ይዘዋል።

ሞድስሌይ ራሱ የእጅ ሰው ሆኖ ኖረ። መሪ ከተሳሳተ የሚመራው ሁሉ እንደሚሳሳት ስለሚያውቅ፣ ትክክለኛነትን ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ ይፈልግ ነበር። በሱቁ ያሉ ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያመሳክሩበት ፍጹም ለጥ ያለ የብረት ሰሌዳ በየጠረጴዛቸው ነበራቸው። በ1805 ገደማ የሠራው የጠረጴዛ ማይክሮሜትር የአንድ ኢንች አሥር ሺኛ ክፍል የሚለይ ሲሆን፣ ክርክር ሲነሣ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጥ በመሆኑ በእንግሊዝ የበላይ ዳኛ ማዕረግ ሎርድ ቻንስለር ተብሎ ተሰየመ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ብሎን የሚገባው በገዛ ዳዶው ብቻ ነበር፤ ማሽን የፈታ ሰው ብሎኖቹን ከቀላቀለ ቀኑን ሙሉ ሲያመሳስል ይውላል። ሞድስሌይ ቢያንስ በራሱ ሱቅ የብሎን ጥርስ በመጠን በመጠኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረገ። ለሥነ ፈለክ መሣሪያ የቆረጠው አንድ ብሎን ርዝመቱ 5 ጫማ ሆኖ በየኢንቹ 50 ጥርስ ነበረው፤ 12 ኢንች የሚረዝመው ዳዶውም 600 ጥርሶች በአንድ ጊዜ ይነክስ ነበር።

በ1810 ሱቁን ወደ ላምቤዝ አዛወረ፤ ከጆሹዋ ፊልድና ከልጆቹ ጋር የመርከብ የእንፋሎት ሞተር በመሥራት ታላቅ ስም አተረፈ። ብሩኔል በ1825 የቴምስን ወንዝ ሥር ለሥር መቆፈር ሲጀምር ቆፋሪዎቹን የሚከልለው የብረት ጋሻ የተሠራው እዚሁ ነው። ከሞተሮቹ ይበልጥ ግን ሰዎቹ ሳይቆጠሩ አያልፉም። ሪቻርድ ሮበርትስ፣ ጆሴፍ ክሌመንት፣ ጆሴፍ ዊትወርዝና ጄምስ ኔስሚዝ በዚህ ሱቅ ሠርተዋል። ዊትወርዝ በ1841 ለመላው አገር የሚሆን የብሎን ጥርስ መለኪያ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ በላምቤዝ የተማረውን ከአንድ ሱቅ ግድግዳ ውጭ አወጣው። ከፖርትስመዝ ማሽኖች ባለሙያውን ያጣ አገር፣ ከላምቤዝ ደግሞ ሌላ ዓይነት ባለሙያ አገኘ ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ግን የሁለተኛዎቹን ቦታ አገኙ ማለት አይደለም።

ሞድስሌይ ከፈረንሳይ ሲመለስ በባሕር ላይ ብርድ መትቶት ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1831 ዐረፈ፤ በተወለደባት በዉሊችም ተቀበረ። የመቃብሩን ሐውልት ቀደም ብሎ ራሱ ነድፎት ነበር፤ ከድንጋይ ሳይሆን ከቀለጠ ብረት የተሠራ ነው። ድርጅቱ ከእርሱ በኋላ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ድረስ ቆየ። የፖርትስመዝ መዘውር መሥሪያዎች ከዚያም በላይ ዘለቁ፤ ሸራ ከጦር መርከብ ከጠፋ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ አንዳንዶቹ ለቀሩት ጥቂት ፍላጎቶች ይሠሩ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ የቆሙት በ1965 ነው። ከእነርሱ ጥቂቶቹ በለንደን የሳይንስ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል።